ሆዳን ያለችው

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንቴ ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮኼን አንድ በአንድ ዘርዝሬአለሁ። እሳቸውም ታግሰው ሰምተው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። መስቀላቸውን ተሳልሜ እወጣለሁ። ሌላ ግን ነበር። ሌላው አንዲት ሴት ናት። ስሟ ሆዳን ነው። እኔ አሳልፌ ሰጠኋትና ሞተች።

እጄን አላነሳሁባትም። እጁን ያነሳባት ባሏ ነው፤ በእሱም ላይ ቢሆን የመሰከረ የለም። ግን ከእሱ እጅ አምልጣ የመጣችውን ሴት መልሼ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ቋንቋ አልተምታታብኝም፣ ሰው አላሳሳተኝም። አውቄ ነው ያደረግኩት። ይህን ከአሁኑ ልናገር፤ ወሬው እየረዘመ ሲሄድ ራሴን አሳዛኝ ማስመሰል እንዳልጀምር እፈራለሁ። ጠባዬን አውቀዋለሁ።

የተወለድኩት ጅጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቴም እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሞተ። ሶማሊኛ ያስተማረኝ የለም፤ ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር ስሯሯጥ፣ ስሰደብና ስሳደብ ነው የለመድኩት። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ፊቴን አይተው ዋጋ ይጨምሩብኛል፤ በቋንቋቸው መልስ ስሰጣቸው ደግሞ ይስቁና «አባዮ፣ አንቺማ የኛ ነሽ» ይሉኛል። አባዮ እህቴ ማለት ነው። እናቴ ብቻ ነበረች በምላሴ የማትደሰተው። «ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ታፈላለች» ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር። በምላሴ እንጀራ ልበላ ነው እላት ነበር፤ በላሁም።

የሆዳንን ነገር ከመናገሬ በፊት ስለ አደር ጃማ መናገር አለብኝ። አደር አጎት ማለት ነው፤ ታላቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠራል። ግድግዳችንን የሚጋሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታወክ፣ ሱቅ ሲሰበር፣ ጭስ ከየአቅጣጫው ሲነሳ፣ እኔና እናቴ በር ቆልፈን አልጋ ስር ገብተን ነበር። የእናቴ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ በዚያው ቀን ነው የወደመው። አደር ጃማ በጓሮ በኩል ገብተው እናቴን በክንዷ ይዘው፣ እኔን ከኋላ አስከትለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ከሴት ልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። ከዚያ ወንበር አውጥተው በራፋቸው ላይ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ጎረምሶች መጡ። ድምፃቸውን በመስኮቱ ስንጥቅ እሰማለሁ። እዚህ ቤት የገቡ አሉ አሏቸው። አደር ጃማ አልጮሁም፤ አልማሉም። «አሉ፤ ማገኖቼ ናቸው። የሚፈልጋቸው መጀመሪያ እኔን ይሻገር» ብቻ አሉ።

ማገን ቀላል ቃል አይደለም። ሸሽቶ በሰው ደጅ የገባ ሰው የዚያ ቤት ማገን ይባላል፤ ባለቤቱ ነፍሱን ይሰጣል እንጂ እሱን አሳልፎ አይሰጥም። አሳልፎ የሰጠ ሰው ስሙ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። ጎረምሶቹ ይህን ያውቃሉ። ተመለሱ። ከተማው እስኪረጋጋ አደር ጃማ ያን ወንበር ከዚያ በራፍ አላነሱትም። ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው ማለዳ በጆግ ወተት ይዘው ይመጣሉ፤ የግመል እንዳይመስለን «የላም ነው፣ ወላሂ የላም ነው» እያሉ። እናቴም በረመዳን ቴምርና ስኳር ትልካለች። እናቴ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የምታመሰግነው እሳቸውን ነበር። እኔም እንደዚያው።

ሥራዬ ደግሞ ይህ ነው። በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶችን የሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። የከተማው ሴቶች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው፤ አንድ ቢሮ አለው፣ ከቢሮው ራቅ ብሎ ደግሞ ሴቶቹ የሚያርፉበት መጠለያ። መጠለያው የት እንደሆነ ከሠራተኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ኃላፊያችን ሲስተር መቅደስ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው። ልቧ ወርቅ ነው፣ ሶማሊኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። እንግዲህ በእሷና በሴቶቹ መካከል የምንቆመው ሁለት ነን፤ እኔና ፈርዶሳ። ፈርዶሳ የደምበል ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ሶማሊኛ አይተናነስም።

አንድ ደንብ ነበረን። ሴት ወደ ባሏ ትመለስ የሚል ሽማግሌ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ቢሮ ይቆያል፤ ሴትየዋ መጠለያው ውስጥ ለብቻዋ ትጠየቃለች። ስትጠየቅም ሁለታችንም እንኖራለን። አንዷ ትተረጉማለች፣ አንዷ ትሰማለች። ደንቡን ያመጣችው ፈርዶሳ ናት። አስተርጓሚ አንድ ብቻ ከሆነ የተናገረውን ማን ያርመዋል አለች። ይህን ባለች ቀን እንዴት እንደተቀየምኳት! ሌባ ያለችኝ ነው የመሰለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። አሁን ሳስበው ከእኔ በፊት እኔን ያወቀችኝ እሷ ነች።

ሆዳን የመጣችው በ2013 ጥር ላይ ነው፤ ከአውበሬ፣ ጫት አድርሳ በባዶ በምትመለስ መኪና። ግራ ክንዷ ተሰብሮ በሻሽ ታስሯል። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ በጥፊ ነው የደነቆረው። ሁለት ልጆች ጥላ ነው የመጣችው፤ ይዛቸው ብትወጣ መንገድ ላይ ይይዟት ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወደ ድንበሩ ቶጎ ውጫሌ ሲወርድ ጠብቃ ነው የጠፋችው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሲስተር መቅደስን ቀሚሷን ይዛ «ማገን» አለቻት።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። ተረጎምኩላት። ያን ቃል እንደ እኔ የሚተረጉመው ማን አለ? የወንበሩን፣ የከዘራውን ታሪክ ሁሉ ነገርኳት። ሲስተር አለቀሰች። «በያት፣ እኛ ቤት ማንም አይነካትም» አለችኝ። ያንን በትክክል ነው የተረጎምኩት።

ሆዳንን ወደድኳት። ወሬ አትወድም፤ ግን ስትስቅ በደህናው እጇ አፏን ትሸፍናለች። ሁልጊዜ በቀኟ ነበር የምቀመጠው፤ በደህናው ጆሮዋ በኩል። ቀስ እያለች አንዳንድ የአማርኛ ቃል ለመደች፤ እሺ፣ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ልጆቿን ስታስብ ትነሳና ግቢውን ትጠርጋለች፤ የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች። ፈርዶሳና ሲስተር በሕግ በኩል ልጆቹን ለማስመጣት ላይ ታች እያሉ ነበር።

አደር ጃማ ቤታችን የመጡት እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። ፋሲካ አልነበረም፤ ወተትም አልያዙም። እናቴ ሻይ አቀረበች፣ አልነኩትም። አውበሬ ከቀድሞ ሚስታቸው የወለዱት መሐድ የሚባል ልጅ እንዳላቸው አውቅ ነበር፤ ሆዳንም ባሏን መሐድ ስትል ሰምቻለሁ። ግን መሐድ ስንት አለ? እሳቸው ሲናገሩ ነው የገባኝ። ምራታቸው ጠፍታ እኛ ማኅበር መግባቷን ሰምተዋል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ የእሷ ዘመዶችና የእሳቸው ዘመዶች ተኮራርፈዋል፣ ነገሩ ወደ ደም እንዳይሄድ ይፈራሉ። ልጃቸው ጥፋተኛ መሆኑን አልካዱም። አፍረው ነበር፤ ዓይናቸውን ከምንጣፉ ላይ አላነሱም። ራሳቸው አውበሬ ሄደው ከልጃቸው ቤት ሊቀመጡ፣ አልጋቸውን ከእሷ በራፍ ላይ ሊያዘረጉ ወስነዋል። የት እንዳለች ንገሪኝ አላሉኝም። በፈቃዷ እንድትመጣ ቃሏን አግኝልኝ ነው ያሉት።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። እናቴ እኔን ሳታይ «ምን ጥያቄ አለው! ታደርጋለች እንጂ!» አለች። ሲወጡም እስከ ግቢው በር ሸኝታቸው ተመለሰችና፣ እምቢ ብትያቸው የእኔ ልጅ አይደለሽም አለችኝ። እናቴ ስለ ሆዳን ክንድ አታውቅም፤ ስለ ጆሮዋ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ለእናቴ ደንባችንን ልነግራት እችል ነበር። ለአደር ጃማም «ጠይቄያት እምቢ ብላለች» ብል ያምኑኝ ነበር፤ አክብረውኝ ዝም ብለው ይሄዱ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? ምን ነካኝ? እሳቸውን አሳፍሬ መመለስ አቃተኝ። ይሉኝታ በሉት፣ ውለታ በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ስሙ ቢያምር ሥራው ያው ነው።

በማግስቱ አደር ጃማ ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ቢሮ መጡ። ፈርዶሳ አልነበረችም፤ አክስቷ ሞታባት ደምበል ለቅሶ ሄዳለች። ሲስተር መቅደስ ፈርዶሳ እስክትመለስ እንጠብቅ አለች። ደንቡ ነው፣ ምንም አያስቸኩልም አለች። ትክክል ነበረች። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት። ሽማግሌዎቹ ዛሬ መልስ ካላገኙ ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ የባሏ ዘመዶች ማኅበሩ ላይ ይነሳሉ አልኳት። ማንም እንዲህ አላለም። አደር ጃማ ወር ጠብቁ ቢባሉ ወር ይጠብቁ ነበር። ሲስተር ግን የአገሩን ነገር ለእኔ ትታለች፤ በዚህ ጉዳይ የምታምነው እኔን ነው። እሺ እንሂድ አለች።

መጠለያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ክፍል ገባን። ሆዳን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ሲስተር ፊት ለፊቷ፣ እኔ እንደ ልማዴ በቀኟ። ሲስተር እጇን ያዘቻትና ቀስ ብላ ተናገረች። አማትሽ መጥተዋል፤ መመለስ ወይም መቅረት ያንቺ ፈቃድ ነው፤ እዚህ የፈለግሽውን ያህል መቆየት ትችያለሽ፣ የሚያስወጣሽ የለም አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ አየች።

ወደ ሆዳን ዘንበል አልኩ። በደህናው ጆሮዋ በኩል በጥሩ ሶማሊኛ እንዲህ አልኳት። አማትሽ መጥተዋል። ይህ ቤት ከዚህ በላይ ሊያቆይሽ አይችልም፤ ጊዜሽ አልቋል ነው የሚሉት። አማትሽ ዋስ ይሆኑሻል።

ሆዳን ሲስተርን አየቻት። ሲስተር ፈገግ ብላ እጇን እየደባበሰቻት ነበር። አስቡት እስቲ! እጇን እየደባበሰች የምታባርር ሴት ናት ለሆዳን የታየቻት። ሆዳን ብዙ ነገር ተናገረች። አልጮኸችም። ባጭሩ አልመለስም ነው ያለችው። ለምን እንደማትመለስም ተናገረች፤ ያን ኋላ እመለስበታለሁ። ስትጨርስ ወደ ሲስተር ዞርኩ። አማቷን ታምናቸዋለች፤ ልጆቿ ናፍቀዋታል፤ እመለሳለሁ ትላለች አልኩ። ድምፄ አልተሰበረም። ደህና አስተርጓሚ ነበርኩ።

ሲስተር አላመነችም። ሞኝ አይደለችም፤ የሴትየዋን ፊት ታያለች። «ፊቷ እንዲህ አይልም። እርግጠኛ መሆኗን ደግመሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። ግን ምን ብዬ? በሶማሊኛ «ልጆችሽ አልናፈቁሽም?» አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሲስተር ራሷን ስትነቀንቅ አየች። በቃ፣ እናት ናት፤ ምን ይደረጋል ብላ ተነሳች።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከየት አመጣሁት? መጀመሪያ የዋሸሁትን በድንጋጤ ነው ልበል። ይህንንስ? ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ከየት መጣ? ዓመታት ሙሉ ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መልሱ ደግሞ ቅርብ ነው። የራሴ ነው። ሴቶቹን ስሰማ ኖሬ የት ቦታ ሲነኩ እንደሚያለቅሱ አውቅ ነበር፤ ያን እውቀቴን ነው ያዋልኩት።

ዕቃዋን ሸከፈች። ያላት ሁለት ድርያ ቀሚስና አንድ ሻሽ ነው። እኔ ሻሹን አጣጠፍኩላት። ስታጣጥፊ ምን ተሰማሽ የሚለኝ ካለ፣ መቸኮል ነው የተሰማኝ። ቶሎ አልቆ እፎይ ማለት። ያኔ ነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባዮ፣ ምን አጠፋሁ?» ያለችኝ። ለምን አባረሩኝ ማለቷ ነው። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። እሱ እንኳን እውነት ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ሲስተር ዞራ በአማርኛ «አመሰግናለሁ» አለች፤ ለምዳው የነበረውን ቃል። ሲስተር አቀፈቻት። ደስ ብሏት እንደሄደች የምታስበው በዚያ ቃል ነው።

ቢሮ ስንደርስ አደር ጃማ ቆመው ጠበቋት። ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉላት። ለእኔም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ያ ሽማግሌ ሰው ለእኔ ጎንበስ አሉ! ኮራሁ። እውነቱን ልናገር አይደል የተቀመጥኩት? በዚያች ደቂቃ ኮርቻለሁ። ቤት ስገባም እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ።

አደር ጃማ ቃላቸውን ጠበቁ። የጅጅጋውን ቤታቸውን ለልጆቻቸው ትተው አውበሬ ሄዱ፤ አልጋቸውን ከሆዳን በራፍ አዘረጉ። በስልክ ለእናቴ ይነግሯት ነበር። መሐድ ድምፁን እንኳን ከፍ አያደርግም፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል ይላሉ። እኔም ቀስ በቀስ ቀለለኝ። እንዲያውም መልካም ሳልሠራ አልቀረሁም ማለት ጀመርኩ። ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያባብል!

ሆዳን የሞተችው በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቢርካ ውስጥ ገብታ። ቢርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በዚያ አገር ውኃ የሚጠጣው ከእሱ ነው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። አደር ጃማ ሶላት ሊሰግዱ መስጊድ ሄደዋል። ልጆቹ ጎረቤት ናቸው። ቤት የነበረው መሐድ ብቻ ነው። ጀሪካን ልትሞላ ወርዳ አዳልጧት ገባች ተባለ፤ ክንዷ በደንብ ስላልዳነ ጠርዙን መያዝ አቅቷት ነው ተባለ። ፖሊስ መጥቶ አይቶ ሄደ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ተነሱ። ያየ የለም። አዳልጧት ነው ብሎ የሚያምን ይመን፤ እኔ አላምንም፤ አደር ጃማም ያመኑ አይመስለኝም።

ወሬውን ይዛ የመጣችው ፈርዶሳ ናት። ሲስተር መቅደስ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ጠይቀናት ነበር እኮ፣ እመለሳለሁ አለች እኮ፣ አስገድደን ልናስቀራት አንችል ትላለች። ፈርዶሳ ግን እኔን ነው ያየችው። ልጆቼ ናፈቁኝ ብላ ነው አይደል የሄደችው አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? መጥታ አቀፈችኝ። ከሁሉም በላይ የምትቀርቢያት አንቺ ነበርሽ፣ አንቺ ነሽ የተጎዳሽው አለችኝ። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች። ሲስተር ፈቃድ ሰጠችኝ፣ ቤት ድረስ መጥተው አጽናኑኝ፤ ለቅሶ ደራሽ የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉልኝ። እኔም ተቀበልኩ። በገደልኳት ሴት እኔ ሐዘንተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ!

አደር ጃማ ከቀብሩ በኋላ ወደ ጅጅጋ ተመለሱ። በጥቂት ወራት እርጅናቸው በእጥፍ ጨምሮ ነበር። ግቢያችን በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ያቺን ወንበር የሚያስታውሱ ይመስለኛል፤ እኔም እሷን ነበር የማስበው። «በአፏ ነው እሺ ያለችው?» አሉኝ።

ከሲስተርና ከፈርዶሳ ጥያቄ በኋላ ያች ደቂቃ እውነቱን ለመናገር ሦስተኛዋ ዕድሌ ነበረች። አይደለም ብል እሳቸው እንደ ሰው የሚቆሙ አይመስለኝም ነበር። የእሺታዋን ቃል ተደግፈው ነው የቆሙት። «አዎ አደር፣ በአፏ ነው» አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ሄዱ። እሳቸውን ለማዳን ነው ልል ነበር አሁን፤ ይኸው፣ ከመጀመሪያው የፈራሁት ይህ ነው። እሳቸውን ለማዳን አይደለም። ራሴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕይወት ቀጠለ። ሲስተር መቅደስ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሆዳንን ታሪክ ትናገራለች። አንዳንዷ በገዛ ፈቃዷ ትመለሳለች፣ ራሳችሁን አትውቀሱ ትላቸዋለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ሆዳን መሞቷ ሳያንስ ሞቷን ራሷ የመረጠች ተደርጋ ትነገራለች፤ ማንም አያርመውም። መሐድን አልፎ አልፎ መናኸሪያ አካባቢ አየዋለሁ። ሌላ አግብቷል፤ ልጆቹን የምታሳድገው እሷ ናት። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ የአባቱ ወዳጅ ነኝና። ሰላም እለዋለሁ።

ሥራውን አልለቀቅኩም። እንደ ንስሐ አትቁጠሩልኝ፤ ደሞዜ ነው፣ ሌላ ሥራ ደግሞ የለም። አሁን ስተረጉም አንድ ቃል አላስቀርም፤ ሴትየዋ ስታስነጥስ እንኳን ልተረጉመው ይቃጣኛል። ጠንቃቃነትሽ ይገርማል ይሉኛል። ፈርዶሳ ሳትቀር አመሰገነችኝ። ምን ዋጋ አለው? ለሌሎቹ በሙሉ እውነቱን ብተረጉም ለሆዳን የተረጎምኩት አይለወጥም።

አደር ጃማ ባለፈው ረመዳን አረፉ። እናቴ እንደ ወንድሟ አለቀሰቻቸው። ለዚህ ነው አሁን የምናገረው። ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ የማፍራቸው ሰው ሞተው ነው። እሳቸው ማገናቸውን በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እኔ ከእሳቸው ያገኘሁትን ነፍስ ይዤ ሄጄ የራሴን ማገን ሰጠሁ፤ የሰጠሁትም ለእሳቸው ነው። ቢያውቁ ኖሮ ይተፉብኝ ነበር። ይገባኝ ነበር።

ይቅርታ ማንን ልለምን? ሆዳን አልሰማችኝም፤ አትሰማኝም። ሲስተር ይቅር ብትለኝ ስለ ራሷ ነው፤ ፈርዶሳ ብትል ስለ ራሷ። የልጆቹ እግር ላይ ወድቄ ምን ልላቸው ነው? እናታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሸጥኳት ልበላቸው? እናንተም ይቅር አትበሉኝ። የምትሉኝ ብትሆኑ እንኳን ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ዕለት የተቀበልኩትን ቃል ለባለቤቱ ማድረስ። እያንዳንዱን ቃል አስታውሰዋለሁ። ሆዳን የሲስተርን እጅ እንደያዘች እንዲህ ነው ያለችው።

«ንገሪያት፤ አልመለስም በያት። አማቴ ደግ ሰው ነው፤ እሱ ፊት ማንም አይነካኝም። ግን እሱ ሶላት ይሄዳል። እሱ መስጊድ ሲሄድ እኔ ከመሐድ ጋር ብቻዬን ነኝ። ደጃችሁ ላይ አሳድሩኝ፣ ግቢውን ልጥረግ፣ ውኃ ልቅዳ፣ ብቻ አትስጡኝ። ማገናችሁ ነኝ በያት።»

እኔም ወደ ሲስተር ዞሬ «እመለሳለሁ ትላለች» አልኩ።